አባ ኮስትር በላይ ዘለቀ

የጎጃም አርበኞች ሲነሡ እኔ አስቀድሜ የማስበው ደጃዝማች በላይ ዘለቀን ነው። ጠላት በ1928 ዓ. ም. አገራችንን ከወረረ ጀምሮ እስከ 1933 ዓ. ም. ድረስ በቢቸናና በዓባይ በረሃ ተዋጋ። ንጉሥ በሌለበት በዚያ ዘመን፥ በጦር ሜዳ ለበረቱት ተከታዮቹ ማዕረግ የሚሰጠው እርሱ ራሱ ነበረ፤ ይህን ድፍረቱን በጣም አደንቃለሁ።

ንጉሠ ነገሥቱ ሲመለሱ ለርሱ የደጃዝማችነት ማዕረግ ሰጡት። ነገር ግን ለጠላት አድረው የነበሩ ሰዎች ከርሱ በላይ ከብረው ሲያይ አዘነ፤ ቅሬታውም እውነት ያለበት ይመስለኛል። ኋላ ከመንግሥት ተጣልቶ ሸፈተ፤ ተያዘ፤ ከወህኒ ቢያመልጥም እንደ ገና ተይዞ በጥር 1937 ዓ. ም. በአዲስ አበባ ተሰቀለ። ጠላት ከወጣ አራት ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። ዛሬ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ የሚጠራው በስሙ ነው።