ቢላል፣ ዕዳውና አራቱ ሌሊቶች

 

ቢላል ኢብኑ ረባሕ (ረ.ዐ) ሲባል መጀመሪያ ወደ ልብህ የሚመጣው ምንድን ነው? ወይ አዛኑ ነው፣ ወይ በመካ አሸዋ ላይ ደረቱን የተጫነው ድንጋይ ነው። ሁለቱም እውነት ነው፤ ከልጅነታችን ጀምሮ መድረሳ ውስጥ የተማርነው ነው። ግን ብዙ የማናወራለት ሌላ ቢላል አለ። ገበያ የሚወጣ፣ የቤት ወጪ የሚይዝ፣ ዱቤ የሚገባ፣ የመክፈያው ቀን ሲቃረብ እንቅልፍ የሚያጣ ቢላል። ስምህ በባለሱቁ ደብተር ላይ ካለ ይህ ታሪክ ያንተ ነውና ረጋ ብለህ አንብበው።

ቢላል የተወለደው መካ ነው። እናቱ ሐማማ ሐበሻ ነበረች፤ እሱም በሶሃቦች መካከል የሚታወቀው ሐበሻው ቢላል እየተባለ ነው። ጌታው የቁረይሹ ኡመያ ኢብኑ ኸለፍ ነበር። ቢላል ኢስላምን ሲቀበል ኡመያ በቀትር ፀሐይ እያወጣ በጀርባው ያስተኛውና ትልቅ ድንጋይ ያስጭንበት ነበር። እሱ ግን የአላህን አንድነት ከመናገር አላቆመም። በመጨረሻ አቡበክር (ረ.ዐ) ገዝተው ለአላህ ብለው ነፃ አወጡት። ዑመር (ረ.ዐ) ይህን እያስታወሱ አቡበክርንም፣ አቡበክር ነፃ ያወጡትን ቢላልንም ጌታችን ብለው ይጠሩ ነበር።

ይህቺን ነገር ያዝልኝ። ቢላል ሰው ሲሸጥ ሲገዛ ከሩቅ የሰማ ሰው አይደለም። ራሱ ዋጋ ተቆርጦለት ያውቃል። ነፃነት ምን ማለት እንደሆነ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ከሂጅራ በኋላ መዲና ላይ አዛን ሲደነገግ ለድምፁ ተመረጠ። ከአዛኑ ጎን ግን ሌላ አደራ ነበረበት። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወጪ በእሱ እጅ ነበር። የተራበ ሲመጣ የሚያበላው፣ የታረዘ ሲመጣ የሚያለብሰው ቢላል ነው። በዒድ ቀን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሴቶችን ለሰደቃ ሲያነሳሱ ልብሱን ዘርግቶ የሚቆመው እሱ ነው፤ ሴቶቹ ጉትቻና ቀለበታቸውን እያወለቁ ቢላል ልብስ ላይ ይጥሉ ነበር።

ገንዘብ ያዥ ሲባል ሣጥን የሞላለት ሰው እንዳይመስልህ። ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያሳለፉትን ችግር ሲያስታውሱ፣ ሠላሳ ቀንና ሌሊት ለሳቸውና ለቢላል የነበረው ምግብ ቢላል በብብቱ ሥር ሊሸፍነው የሚችለውን ያህል ብቻ እንደነበር ተናግረዋል። አስበው። የሁለት ሰው የወር ቀለብ በአንድ ሰው ብብት ሥር!

አሁን ወደ ዕዳው እንምጣ። ታሪኩን የተናገረው ቢላል ራሱ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ሻም ውስጥ በሐለብ ከተማ ዐብዱላህ አል-ሀውዘኒ የሚባል ሰው አገኘውና የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወጪ እንዴት ይሸፈን እንደነበር ጠየቀው። አቡ ዳውድ ምላሹን መዝግበው አቆይተውልናል።

ቢላል እንደተናገረው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የታረዘ ሙስሊም ሲመጣባቸው እሱን ያዙታል፤ እሱም ሄዶ ይበደርና ልብስ ገዝቶ ያለብሰዋል፣ ያበላዋልም። እንዲህ እያለ ሲኖር አንድ ቀን ከሙሽሪኮች አንዱ ቀረበው። ሀብት ሞልቶኛልና ከእንግዲህ ከእኔ በቀር ከማንም አትበደር አለው። ቢላልም እሺ አለ። ቀላል ነበር። ከአንድ ሰው መውሰድ፣ ለአንድ ሰው መክፈል። ይህ ዓይነት ቅለት ለአንተም እንግዳ አይደለም። ውሰድ፣ ኋላ ትከፍላለህ የሚል ባለሱቅ ሰፈርህ ውስጥ አለ። ስልክህ ላይ ሁለት ሦስቴ ነክተህ የምታገኘው ብድርም አለ።

ከዕለታት አንድ ቀን ቢላል ውዱእ አድርጎ ለአዛን ሊነሳ ሲል ያ አበዳሪ ከነጋዴዎች ጋር ሆኖ መጣ። በስሙ እንኳ አልጠራውም፤ አንተ ሐበሻ ብሎ ጮኸበት። ፊቱን አጨፍግጎ ክፉ ቃል ተናገረው። ወሩ ሊያልቅ ስንት ቀን እንደቀረው ታውቃለህ ወይ ሲለው ቢላል እንደተቃረበ መለሰ። ሰውዬው ግን ቆጥሮ ነበር። አራት ሌሊት ቀርቷል። ያን ጊዜ ካልከፈለ በዕዳው ሊይዘውና እንደ ድሮው በግ ጠባቂ ሊያደርገው ዛተ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በል። ከድንጋዩ ሥር ነፃ የወጣ፣ ሰውን ሁሉ ወደ አላህ የሚጠራ ሙአዚን፣ ለአዛን ሲዘጋጅ በሰው ፊት ባሪያ ትሆናለህ ተባለ። ኡመያ በድንጋይ ያልቻለውን አበዳሪው በሒሳብ ሊያደርገው ነው። ቢላልም ሰው ልቡ ውስጥ የሚሰማው ሁሉ እንደተሰማው አልደበቀም።

ደግሞ ዕዳው የምን ዕዳ ነበር? የድግስ አይደለም፤ የጌጥም አይደለም። የታረዘን ለማልበስ፣ የተራበን ለማብላት የተገባ ነው። ለአላህ ተብሎ የተገባ ዕዳ እንኳ ይህን ያህል ከከበደ፣ ለሰርግ ፉክክር የተገባውስ? የቀድሞው ሳይበላሽ ለተቀየረ ስልክ የተገባውስ? በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ለሚቃም ጫት በደብተር የተያዘውስ?

ዒሻ ከተሰገደ በኋላ ቢላል ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገባ። ምንም አልሸሸገም። ሰውዬው ያለውን ነገራቸው፤ የሚከፈል ነገር በሳቸውም በእሱም እጅ እንደሌለና ሰውዬው ሊያዋርደው እንደሆነ ገለጸ። አላህ የሚከፈለውን እስኪሰጥ ድረስ ወደ ሰለሙ ጎሳዎች ሸሽቶ እንዲቆይ ፈቃድ ጠየቀ። ከዚያ ቤቱ ገብቶ ሰይፉን፣ ከረጢቱን፣ ጫማውንና ጋሻውን ራስጌው አኖረ። ለሊቱን ዐይኑ ጎህ ላይ ነበር። ዕዳ ያለበት ሰው ሌሊቱ እንዴት እንደሚረዝም የሚያውቅ ያውቀዋል።

ጎህ ሲቀድ ሊነሳ ሲል አንድ ሰው እየሮጠ መጣ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እየጠሩት ነው። ሲደርስ አራት ግመሎች ከነጭነታቸው ተንበርክከዋል። የፈደክ አለቃ የላከው ስጦታ ነው፤ ልብስና እህል ተጭኖባቸዋል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) አበሰሩት፤ አላህ የዕዳህን መክፈያ አምጥቶልሃል፣ ግመሎቹም ጭነቱም ያንተ ነው፣ ውሰድና ዕዳህን ክፈል አሉት። ያበሰሩበት የዐረብኛ ቃል እኛ ወሎዎች ቀን ሲጨልምብን የምንባባለው ያው አብሽር ነው። በቀን ስንት ጊዜ እንለዋለን? ለአንድ ባለዕዳ ሐበሻ በጎህ የተነገረ የብሥራት ቃል መሆኑን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ቢላል ያንን ጭነት ምን አደረገው? መጀመሪያ ዕዳውን ከፈለ። ከወር ረሃብ በኋላ አራት ግመል ሙሉ ንብረት ያገኘ ሰው ትንሽ ደስ ይበለኝ ቢል ማን ይፈርድበታል? እሱ ግን ሁሉንም ለባለመብቶቹ አደረሰ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ተቀምጠው ይጠብቁት ነበር። ሁሉም ዕዳ እንደተከፈለ ሲነግራቸው የተረፈ እንዳለ ጠየቁት። አለ። የተረፈውን ለችግረኛ አድርሶ ሸክሙን እስኪያቀልላቸው ድረስ ወደ ቤተሰባቸው እንደማይገቡ ነገሩት። ማታ ማንም ችግረኛ ስላልመጣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ አደሩ። በነጋታው ከዒሻ በኋላ ሁሉም እንዳለቀ ሲሰሙ አላህን አመሰገኑ፤ ገንዘቡ እጃቸው ላይ ሳለ ሞት እንዳይመጣባቸው ፈርተው ነበርና። ከዚያ ወደ ቤታቸው ገቡ።

ምናልባት እንዲህ ብለህ ትጠይቀኝ ይሆናል፦ ታዲያ ማስቀመጥ፣ መቆጠብ ሐራም ነው እንዴ? አይደለም። ያ የተረፈው የችግረኞች ድርሻ ነበር፤ በሰው ሐቅ ላይ መተኛት አልፈለጉም። ለራሳቸው ቤተሰብ ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከበኒ ነዲር ተምር የዓመት ቀለብ ያስቀምጡ እንደነበር በቡኻሪ ተዘግቧል። የዓመት ቀለብን በጊዜው መያዝ ከተወኩል ጋር አይጣላም።

የቢላል የገበያ ትምህርት በዚህ አላበቃም። ሌላ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዲበሉ ብሎ በርኒ የሚባል ጥሩ ተምር አመጣ። ከየት እንዳገኘው ሲጠይቁት ዝቅ ያለውን ተምር ሁለት ቁና ሰጥቶ ጥሩውን አንድ ቁና እንደለወጠ ነገራቸው። ይህ ራሱ ሪባ መሆኑን ነገሩትና ከለከሉት፤ ዝቅ ያለውን በገንዘብ ሸጦ በዚያ ገንዘብ ጥሩውን እንዲገዛም አስተማሩት። ኒያው ንጹሕ ነበር፤ የተገዛውም ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነው። ግን ጥሩ ኒያ የግብይቱን ሕግ አይለውጠውም። በስልክ የምትወስደው ብድር ስትመልሰው ጭማሪ ካለበት ቸግሮኝ ነው ማለት ብቻ አይበቃህም። ከመንካትህ በፊት ጠይቅ።

መካ በ630 እ.ኤ.አ. ስትከፈት ያ አንተ ሐበሻ ተብሎ የተሰደበው ሰው ካዕባ ላይ ወጥቶ አዛን አደረገ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በ632 ሲያርፉ ልቡ ተሰበረ። አቡበክርን (ረ.ዐ) ነፃ ያወጡት ለራሳቸው ከሆነ እንዲያስቀሩት፣ ለአላህ ከሆነ ግን ለአላህ ሥራ እንዲለቁት ጠየቃቸው። ወደ ሻም ወጣ። ብዙዎቹ የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት በ20ኛው ዓመተ ሂጅራ ገደማ ደማስቆ ላይ አረፈ። እስከ መጨረሻው የማንም አልነበረም፤ የአላህ ብቻ ነበር።

እንግዲህ አንተ ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ መርሳም ሆናችሁ ውርጌሳ፣ ወልድያም ሆናችሁ ስሪንቃ፣ ከዚህ ሕይወት ወደ ቤታችሁ የምትወስዱት ይህን ነው። ቁጠባ ስስት አይደለም። ማንም መጥቶ አንተ ሐበሻ እንዳይልህ፣ ነፃ ሆነህ እንድትኖር ነው።

አንደኛ፣ ጻፍ። በቁርአን ረጅሙ አንቀጽ፣ ሱረቱል በቀራ 282፣ ስለ ዕዳ መጻፍ ነው። ባለሱቁ የሚይዘው ደብተር ብቻ አይብቃህ፤ አንተም ሽሮውን፣ ዘይቱን፣ ሳሙናውን፣ የምትከፍልበትን ቀንም ጻፍ። አበዳሪ ቀን ይቆጥራል፤ አንተም ቁጠር።

ሁለተኛ፣ በጊዜው ግዛ። የሐብሩ ማሽላ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከአውድማ ሲወጣ ዋጋው ይረግባል፤ ክረምት ላይ ይወደዳል። ብቻህን ኩንታል መግዛት ካቃተህ ከጎረቤት ጋር ተካፈሉት፣ ወይ እቁባችሁን ለዚያ ወር አድርጉት። ጤፉን ከማሽላ ጋር ቀላቅሎ መጋገር የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ እናቶቻችን ያሳደጉን በሱ ነው።

ሦስተኛ፣ አትደብቅ። ቢላል ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተናገረ። ባል ከሚስቱ፣ ልጅ ከወላጁ የሚደብቀው ዕዳ በጨለማ ያድጋል። ማታ ከራት በኋላ ተቀመጡና ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ የትኛው ይቅር ተባባሉ።

አራተኛ፣ ገንዘብ ሲገባ ዕዳን አስቀድም። የቀን ሥራም ይሁን የባጃጅ፣ ደሞዝም ይሁን ከዐረብ አገር እህትህ የላከችልህ፣ ከሌላው ወጪ በፊት የባለሱቁን ክፈል። ካልሞላልህም ቀኑ ከመድረሱ በፊት ሂድና ንገረው፤ እሱ መንገድ ላይ እስኪይዝህ አትጠብቅ።

አበዳሪ የሆንክ ወንድሜ ደግሞ በቢላል ታሪክ ውስጥ የማን ቦታ ላይ እንዳለህ ተመልከት። እዚያው ሱራ 280ኛው አንቀጽ ላይ አላህ ለተቸገረ ባለዕዳ እስኪመቸው ጊዜ እንድንሰጥ አዞናል፤ ብንተውለት ደግሞ ለኛ የተሻለ እንደሆነ ነግሮናል። ሐቅህን ጠይቅ፤ ሰውን ግን በሰው ፊት አታዋርድ።

ዛሬ ከጁሙዓ በኋላ ወደ ቤት ስትመለስ አንድ ነገር ብቻ አድርግ። ያለብህን ዕዳ ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፍና ትንሿን መርጠህ በዚህ ሳምንት ዝጋት። ከዚያ ቀጣይዋን።

አላህ በሐላሉ ከሐራሙ ያብቃቃን። ዕዳ ያለበትን ዕዳውን ይክፈልለት። በትንሹ ገቢያችን ላይ በረካ ያድርግልን። ለሐበሻው ሙአዚን ጎህ ላይ የደረሰውን ብሥራት ለእያንዳንዱ የተጨነቀ ቤት ያድርሰው። አሚን።

አብሽሩ። ጁሙዓ ሙባረክ።