ብርቁን ያበዙት የዕንቁ ነጋዴ

ከፊሪጅ ቢን ማሕሙድ ወደ ዶሃ ኮርኒሽ የሚወርድ ሰው፣ አፏን ከፍታ ዕንቁ የያዘች የዛጎል ሐውልት ይመለከታል። ሐውልቷ ከነዳጅ በፊት ቀጠርን ይመግብ የነበረውን ሀብት ታስታውሳለች። ያን ሀብት ዋጋ ያሳጡት ሰው ግን ጃፓናዊ ነበሩ።

ኮኪቺ ሚኪሞቶ እ.ኤ.አ. በ1858 በቶባ ከተማ፣ ኡዶን የተባለውን የስንዴ ምግብ እየሸጠ ከሚተዳደር ቤተሰብ ተወለዱ። በአገራቸው ባሕር ዕንቁ የምታፈራው ዛጎል ያለ ልክ ስትለቀም አይተው በ1888 እርባታ ጀመሩ። ቀይ ማዕበል የሚባለው የባሕር መቅሠፍት አብዛኛውን ፈጀባቸው። በ1893 ከተረፉት ዛጎሎች በአንዷ ውስጥ ግማሽ ክብ ዕንቁ አገኙ። በዚህ ሁሉ ድካም አብረዋቸው የነበሩት ባለቤታቸው ኡሜ ግን የባላቸውን ዝና ሳያዩ በ1896 ዐረፉ። ድፍን ክብ የሆነውን ዕንቁ የማምረት ዘዴ ሚሴና ኒሺካዋ የተባሉ ሌሎች ጃፓናውያንም ደርሰውበታል፤ ለዓለም ገበያ በማዳረስ ግን ሚኪሞቶን የሚስተካከል አልነበረም።

በ1913 ለንደን ላይ መደብር ከፈቱ። የአውሮፓ ነጋዴዎች ዕንቁው ሐሰተኛ ነው ብለው ተነሡባቸው፤ ክርክሩ ፓሪስ ላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በእርሳቸው አሸናፊነት ተቋጨ። ከዚያ በኋላ የተፈጥሮ ዕንቁ የነበራቸው ሰዎች ንብረታቸውን መልሰው ሲሸጡ ጉዳቱን ዐወቁት። በ1917 የካርቲዬ ቤት የአንድ ሚሊዮን ዶላር ግምት በተሰጠው ባለሁለት ዙር የዕንቁ ሐብል የኒውዮርክ መኖሪያ ቤት ለውጦበት ነበር፤ ያው ሐብል በ1957 በጨረታ የተሸጠው ከ160 ሺህ ዶላር ባነሰ ዋጋ ነው።

የከፋው ጉዳት ግን የደረሰው በጠላቂዎች ላይ ነው። የባሕረ ሰላጤው ጠላቂ በበጋ ወራት ትንፋሹን ይዞ ወደ ባሕሩ ወለል የሚወርደው፣ ብዙ ጊዜ ከመርከቡ አለቃ የተበደረውን ለመክፈል ነበር፤ ዕዳው ለልጅ የሚተላለፍበትም ጊዜ ነበር። ከ1929 ወዲህ የዓለም ኢኮኖሚ ድቀት ሲጨመርበት ጀልባዎቹ ከዳርቻ ቀሩ፣ ብዙዎችም ቀጠርን ለቅቀው ተሰደዱ።

የሚገርመው፣ ብርቁን ያበዙት ሚኪሞቶ ራሳቸው ብርቅነትን ፈለጉ። የዛሬዎቹ የቅንጡ ቦርሳ ሻጮች ጥቂት አምርተው ገዢን ተራ እንደሚያስጠብቁት፣ እርሳቸውም በ1932 በኮቤ ከተማ ጥራት የጎደለውን ዕንቁ በአካፋ እየዛቁ በሕዝብ ፊት እሳት ውስጥ ጨመሩት። ገበያው የእርሳቸውን ዕንቁ ከርካሹ እንዲለይላቸው ነበር።

በ1954 በ96 ዓመታቸው ሲያርፉ፣ የቀጠር ነዳጅ ወደ ውጭ መላክ ከጀመረ አምስት ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር።