ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና የደመወዝተኛ ጥሪት

የመጽሔታችን አዘጋጅ ኮሚቴ ለጡረታ ዘመን ስለሚደረግ ቁጠባና ገንዘብን በጥበብ ሥራ ላይ ስለ ማዋል አንድ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ በጠየቀኝ ጊዜ፣ ከወለድ ስሌት ይልቅ የአንድን ሰው ሕይወት መተረክን መረጥሁ። ሰውየው ለጡረታ ዕድሜ አልደረሱም፤ በ33 ዓመታቸው አርፈዋል። ነገር ግን ከደመወዛችን በየወሩ የሚቀነሰው የጡረታ መዋጮ የቆመበትን መሠረት፣ ሕጉ ከመውጣቱ ከግማሽ ምዕት ዓመት አስቀድመው በጽሑፍ ካመለከቱት ጥቂት ኢትዮጵያውያን አንዱ እሳቸው ናቸው።

ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1878 ዓ.ም. በዓድዋ አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ወታደር እንደ ነበሩና በ1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት እንደ ወደቁ ይነገራል። ከዚያው ዘመን ጋር ተያይዞ ክፉ ቀን የተባለው ታላቅ ረሃብ መጣ። ረሃቡን ያመጣው የዝናብ እጥረት ብቻ አልነበረም፤ የከብት በሽታ በሬውን ፈጀው፣ በሬ ሲያልቅም እርሻው ቆመ። የገበሬው ጥሪት ሁሉ በአንድ ጥማድ በሬ ላይ ነበርና በሬው ሲሞት ጥሪቱም፣ መሣሪያውም፣ የእርጅናው መጦሪያም አብረው ሞቱ። በአንድ ምሰሶ ላይ ጣሪያ ማቆም ምን እንደሚያስከትል ለመሐንዲስ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሕፃኑ ገብረ ሕይወት በምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ በነበረው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ገቡ። ከዚያም ገና ልጅ ሳሉ በምጽዋ ወደብ በቆመ መርከብ ተሳፍረው ወደ አውሮፓ ሄዱ። በኦስትሪያ አንድ ባለጸጋ ቤተ ሰብ ተቀብሎ እንደ ልጁ አሳደጋቸው፤ ጀርመንኛም አጠኑ። በበርሊን የሕክምና ትምህርት መከታተላቸውም ይነገራል። ወደ አገራቸው ሲመለሱ በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በአስተርጓሚነት አገለገሉ። ንጉሠ ነገሥቱ በታመሙበትና ቤተ መንግሥቱ በወገን በተከፋፈለበት ጊዜ ግን ለጀርመኖች ቅርብ መሆናቸው ስላልተወደደላቸው ወደ ሱዳን ለመሰደድ ተገደዱ።

አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ የተባለው ጽሑፋቸው በ1912 እ.ኤ.አ. በአስመራ ታተመ። ከጽሑፉ ውስጥ የእኛን ጉዳይ የሚነካው ለአዲሱ አልጋ ወራሽ ለልጅ ኢያሱ ያቀረቡት የማሻሻያ ሐሳብ ነው። የንጉሡ የግል ሀብት ከመንግሥት ሀብት ይለይ፤ ግብር በልክ ተወስኖ በገንዘብ ይከፈል፤ ትምህርት ቤት ይስፋፋ፤ ሕግ በጽሑፍ ይደንገግ የሚሉ ነበሩ።

እነዚህን ሐሳቦች የጡረታ ሕግ ጥንስስ ናቸው ብል የተጋነነ መስሎ እንደሚታይ አውቃለሁ። ነገሩን እንደ ሕንፃ ከላይ ወደ ታች እንመልከተው። የጡረታ መዋጮ እንዲኖር አስቀድሞ የተወሰነ ደመወዝ ሊኖር ይገባል፤ ደመወዝ እንዲኖር መንግሥት ገቢና ወጪውን የሚያውቅበት በጀት ያስፈልገዋል፤ በጀት እንዲኖር ደግሞ የንጉሡ ኪስና የአገሪቱ ግምጃ ቤት መለየት አለባቸው። በዚያ ዘመን ይህ ሁሉ አልነበረም። ሹሙ የሚኖረው በተሰጠው አገር ነበር፤ ወታደሩም በገበሬው ቤት ተመርቶ ይቀለብ ነበር። ገብረ ሕይወት የሕዝቡን ድህነት በስንፍና አላመካኙም። ያጠራቀመው ሀብት በማናቸውም ቀን የሚወሰድበት ሰው ከዕለት ጉርሱ አትርፎ የሚያስቀምጥበት ምክንያት እንደሌለው ተረድተው ነበር። ስለ ቁጠባ የሚሰብኩ ብዙዎች ይህን ነጥብ ይዘሉታል።

በዚያ ጊዜ ጡረታ ማለት በልጅ መጦር ወይም በጌታ ቸርነት መሬት ማግኘት ነበር። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ የወጣው በ1955 ዓ.ም. ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች ደግሞ እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ መጠበቅ ነበረባቸው። ዛሬ በሁለቱም ወገን ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ መደበኛው የመውጫ ዕድሜም 60 ዓመት ነው። ከባልደረቦቻችን ብዙዎቹ መዋጮው ከውሎ አበልና ከልዩ ልዩ ክፍያ ላይ ሳይሆን ከመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ብቻ መታሰቡን ልብ አይሉም። የወር ገቢው ግማሽ አበል የሆነ መሐንዲስ ጡረታ ሲወጣ የሚሰላለት በቀሪው ግማሽ ብቻ ነው። አበሉን ራሱ ካላጠራቀመው ማንም አያጠራቅምለትም።

ከስደት ከተመለሱ በኋላ ገብረ ሕይወት በጉምሩክ ሥራ ተሾሙ፤ የምድር ባቡሩ ተቆጣጣሪም ሆኑ፤ በመጨረሻም የድሬዳዋ ነጋድራስ ማለትም የንግድና የጉምሩክ ኃላፊ ነበሩ። ለአንድ አሳቢ ሰው ከዚህ የተሻለ የመመልከቻ ሥፍራ የለም። ቡናውና ቆዳው በጥሬው በፊታቸው እያለፈ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል፤ የተሸመነ ጨርቅና የተሠራ ዕቃ በዚያው ሐዲድ ይወጣል። መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር በተባለው ሁለተኛ ድርሰታቸው ያስረዱትም ይህንኑ ነው። የሀብት ምንጭ ድካም ነው፤ ዕውቀትና መሣሪያ ያለው ሕዝብ በጥቂት ድካም ብዙ ያፈራል፤ የሌለው ግን በብዙ ድካም ጥቂት ያፈራል። ሁለቱ ሲለዋወጡ ያልተማረው የብዙ ቀን ድካሙን ለተማረው የጥቂት ሰዓት ሥራ ይሰጣል።

ሐዲዱ በአቃቂ በኩል አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በኋላ ዘመን አቃቂና ቃሊቲ የፋብሪካ መንደር ለመሆን የበቁት በዚሁ መስመር ላይ በመገኘታቸው ነው። ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፣ ለሥራ ጉዳይ ወደ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ገብቼ ነበር። በዚያ ሽመና ከሚሠሩት ታራሚዎች አንዱ ከሥራው የሚያገኘውን ጥቂት ገንዘብ የሚያጠራቅመው ሲፈታ የራሱን የሽመና ዕቃ ለመግዛት መሆኑን አጫወተኝ። መወርወሪያውን ሳይቀር ዋጋውን ጠይቆ ያውቅ ነበር። በዚያው ሳምንት ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ባጠራቀሙት ላይ ተበድረው መኪና ለመግዛት ሲመካከሩ ሰማሁ። መኪና አያስፈልግም አልልም፤ ግን የነጋድራሱን ትምህርት በትክክል የተረዳው ማን እንደ ሆነ አንባቢው ይፍረድ። ሽማኔው ድካሙን ወደ መሣሪያ ይለውጣል፤ እኛ ግን በየዓመቱ ዋጋው ወደማናውቀው የባሕር ማዶ ዕቃ እንለውጠዋለን።

ገንዘብን በባንክ ማስቀመጥስ? የመጀመሪያው ባንክ፣ የአቢሲንያ ባንክ፣ በ1898 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ለ50 ዓመት ብቸኛ ባንክ የመሆን መብት ተሰጥቶት ነበር፤ ይመራ የነበረውም በግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሥር ሆኖ ነው። የአስቀማጩ ብር የት እንደሚሠራ የሚወሰነው በሌሎች ፈቃድ ነበር። ዛሬ ባንኮቹ የእኛው ናቸው፤ ነገር ግን ሌላ ችግር አለ። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ በ2010 ዓ.ም. 7 በመቶ እንዲሆን ተወሰነ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ደረሰ። በዚህ ልክ 100 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 107 ብር ይቀበላል፤ የ100 ብሩ ዕቃ ግን 130 ብር ይሆናል። በእጁ ያለው ገንዘብ የሚገዛው የቀድሞውን 82 ብር ያህል ብቻ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግም በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ።

ስለዚህ ለድንገተኛ ችግር የሚሆን የጥቂት ወራት ወጪ በባንክ ይቀመጥ፤ ከዚያ የሚተርፈው ግን ሥራ ይፈለግለት ባይ ነኝ። በጥር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በይፋ ተከፍቷል። አክሲዮን መግዛት ከፊት ይልቅ ቀሏል፤ ይሁን እንጂ የድርጅቱን ሒሳብ ሳያነቡ በወሬ መግዛት የአፈሩን ጠባይ ሳይመረምሩ መሠረት እንደ መጣል ነው። እኛ መሐንዲሶች ደግሞ በዚህ በኩል ከሌላው ሰው የከፋን ነን። የሥሌት ሰዎች ስለሆንን ገንዘብም የምናውቅ ይመስለናል። ያላለቀ ቤት ዋጋውን አስቀድመው የከፈሉና ለዓመታት የሚጠብቁ ከመካከላችን ጥቂት አይደሉም፤ ሥራው በስንት ወር እንደሚያልቅ ከማንም ይልቅ መገመት የሚገባቸው እነሱ ነበሩ።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ስላፈሩት የግል ሀብት የሚተረክ ነገር የለም። በሰኔ ወር 1911 ዓ.ም. ሲያርፉ የሁለተኛው ድርሰታቸው ረቂቅ ገና አልታተመም ነበር። ከሞቱ ከአምስት ዓመት በኋላ በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታተመ፤ በ1995 እ.ኤ.አ. ደግሞ በለንደን በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጣ።