አልበርት ካሙ እና የሠፈሩ መምህር

ደራሲው አልበርት ካሙ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 7 ቀን 1913 በአልጄሪያ፣ ሞንዶቪ በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለደ። የወይን እርሻ ሠራተኛ የነበሩት አባቱ ልጃቸው ዓመት ሳይሞላው በማርን ውጊያ ቆስለው ሞቱ። መስማት የሚቸግራቸውና ፊደል ያልቆጠሩት እናቱ በአልጀርስ ከተማ የሰው ቤት እያጸዱ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን አሳደጉ። ቤተሰቡ ቤልኩር በተባለው የድኾች ሠፈር፣ ኤሌክትሪክም የቧንቧ ውኃም በሌለው ባለ ሦስት ክፍል ቤት ተጠጋግቶ ይኖር ነበር። የቤቱ አዛዥ አያቲቱ ነበሩ።

በሠፈሩ ትምህርት ቤት ያስተማሩት ሉዊ ዤርሜን ከዚያው ጦርነት በሕይወት የተመለሱ በመሆናቸው፣ አባቶቻቸው ለወደቁባቸው ልጆች የተለየ ትኩረት ይሰጡ ነበር። የካሙን ተሰጥኦ ፈጥነው ቢያስተውሉም ድህነቱን አላወቁም። ልጁ ንጹሕ ልብስ ለብሶ፣ ደስ ብሎት ይመጣ ነበርና። የቤቱን ችግር የጠረጠሩት እናቱ ስለ ነጻ ትምህርት ዕድል ፈተና ሊያነጋግሯቸው በመጡ ጊዜ እንደ ነበር ከብዙ ዓመታት በኋላ ለካሙ ጽፈውለታል። እንዲህ ያለ ሕፃን ዛሬም በየክፍሉ አይጠፋም።

አያቲቱ ልጁ እንደ ታላቅ ወንድሙ ሥራ ይዞ ገንዘብ እንዲያመጣ ይፈልጉ ነበር። በዚህ ሊወቀሱ አይገባም፤ ሁለተኛ ደረጃ መግባቱ ለዓመታት ደመወዝ የማያመጣ ሰው መቀለብ ማለት ነበር። መምህሩ አያቲቱን አግባብተው አሳመኑ፤ ካሙንና ጥቂት ጓደኞቹን ከመደበኛው ሰዓት ውጪ ያለ ክፍያ ለፈተናው አዘጋጁ። በ1924 ካሙ ፈተናውን አልፎ በነጻ ትምህርት ዕድል ወደ አልጀርስ ሊሴ ገባ። በክረምት ዕረፍት ግን በብረታ ብረት መሸጫ ሱቅና በመርከብ ጉዳይ አስፈጻሚ ቢሮ እየሠራ ለቤቱ ገንዘብ አስገባ። የአያቲቱ ሐሳብ በከፊልም ቢሆን ተሟላ ማለት ነው።

በ17 ዓመቱ የሳንባ ነቀርሳ ያዘው። በዚያ ዘመን ለበሽታው ፍቱን መድኃኒት አልነበረም። ከክፍል መቅረቱን ያስተዋሉት የፍልስፍና መምህሩ ዣን ግረኒየ ቤልኩር ድረስ ሄደው ጠየቁት፤ ካሙም በ1937 የታተመውን የመጀመሪያ መጽሐፉን መታሰቢያ ያደረገው ለእርሳቸው ነው። በሽታው ግን የመንግሥት መምህር የሚያደርገውን ፈተና እንዳይወስድ አገደው። ስለዚህ ወደ ጋዜጠኝነትና ወደ ድርሰት አዘነበለ፤ በ1942 «ባይተዋሩ»፣ በ1947 «ወረርሽኙ» የተሰኙት ልብ ወለዶቹ ታተሙ።

በ1957 የሥነ ጽሑፍ ኖቤል ሽልማት በተሰጠው ጊዜ፣ ከእናቱ ቀጥሎ ያሰባቸውን ዤርሜንን በደብዳቤ አመሰገነ፤ በስዊድን ያደረገው ንግግር በመጽሐፍ ሲወጣም መታሰቢያነቱ ለእርሳቸው ሆነ። ጃንዋሪ 4 ቀን 1960 በ46 ዓመቱ በመኪና አደጋ ሞተ። በአደጋው ስፍራ በቦርሳው ውስጥ የተገኘው ያልተጠናቀቀ ጽሑፍ «የመጀመሪያው ሰው» በሚል ርእስ በ1994 ታትሟል፤ በዤርሜን አምሳያ የተቀረጸው መምህር በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሰፊ ቦታ ይዟል።