የሴልን ዳር ያጠናው ሰው፦ ኧርነስት ኤቨሬት ጀስት (1883–1941)

ውድ ተማሪዎች፣ ከመካከላችሁ አንዱ ወይም አንዷ ዩኒቨርስቲ ገብታችሁ ባዮሎጂ ብታጠኑ፣ መጀመሪያ ከምትማሩት ነገር አንዱ ሴል ወይም ሕዋስ ነው። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ የተሠራው ከሴል ነው። በመማሪያ መጽሐፉ ላይ የሴል ሥዕል ታያላችሁ፤ መሀሉ ላይ ኑክሊየስ፣ ዙሪያውን ሳይቶፕላዝም፣ ዳር ላይ ደግሞ አንድ ቀጭን መስመር አለ። ብዙ ተማሪ መሀሉን ያጠናና መስመሩን እንደ ተራ አጥር ቆጥሮ ያልፈዋል። ዛሬ የሕይወት ታሪኩን የምናቀርብላችሁ ሰው ግን አብዛኛውን ዘመኑን ያሳለፈው ያንን ዳር በማጥናት ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኧርነስት ኤቨሬት ጀስት ኦገስት 14 ቀን 1883 በአሜሪካ፣ በደቡብ ካሮላይና ክፍለ ሀገር፣ ቻርልስተን ከተማ ተወለደ። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ባርነት በሕግ ከቀረ ገና 18 ዓመቱ ነበር። ኧርነስት የ4 ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ሞተ። እናቱ ሜሪ ልጆቿን ይዛ ጄምስ አይላንድ ወደምትባል ደሴት ሄደች። እዚያም በፎስፌት ማዕድን ማውጫ ጉልበቷን እየሸጠች ልጆቿን አሳደገች፤ ትምህርት ቤት ከፍታም አስተማረች። የአካባቢውን ጥቁር ነዋሪዎች አስተባብራ ያቋቋመችው መንደር በስሟ ሜሪቪል ተባለ።

ኧርነስት በልጅነቱ ታይፎይድ ያዘው። ከሞት ተርፎ ሲነሣ ቀድሞ ያውቀው የነበረው ማንበብና መጻፍ ጠፍቶበት ነበር። ከፊደል ቆጠራ ጀምሮ እንደገና መማር ነበረበት፤ ነገሩም እጅግ ከበደው። ግን ተማረ። በስደትና በጦርነት ትምህርታችሁ የተቋረጠባችሁ፣ የተማራችሁትንም የረሳችሁ ልጆች፣ ይህችን ልብ በሉ።

በ16 ዓመቱ ከቤተሰቡ ተለይቶ ወደ ሰሜን አሜሪካ ግዛቶች ሄደ። ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ኪምባል ዩኒየን በሚባል አዳሪ ትምህርት ቤት ሲማር እናቱ ሞተች። እሱ የ4 ዓመቱን ትምህርት በ3 ዓመት ጨረሰ። ቀጥሎ ዳርትማውዝ ኮሌጅ ገባ። ባዮሎጂ የሳበው እዚያ ነው፤ አንዲት የእንቁላል ሴል እንዴት ተከፍላ ተከፍላ ሙሉ እንስሳ እንደምትሆን ሲያነብ ልቡ እዚያው ቀረ። በ1907 በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ።

በዚያ ዘመን ግን ትላልቆቹ የአሜሪካ ዩኒቨርስቲዎች ጥቁር ምሁር በመምህርነት አይቀጥሩም ነበር። ጀስት በዋሽንግተን ከተማ ጥቁሮች በሚማሩበት በሃዋርድ ዩኒቨርስቲ ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ ያስተማረው እንግሊዝኛ ነበር፤ በኋላ የሥነ እንስሳት ትምህርት ክፍል ኃላፊ ሆነ። ከ1909 ጀምሮ ትምህርት ቤት ሲዘጋ በማሳቹሴትስ የባሕር ዳርቻ ወደሚገኘው የዉድስ ሆል ላቦራቶሪ እየሄደ ከፕሮፌሰር ፍራንክ ሊሊ ጋር ይሠራ ጀመር። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ፋኖስ ይዘው የባሕር ትሎችን ይሰበስባሉ፤ እንቁላላቸውንም በማይክሮስኮፕ ይመለከታሉ። በ1916 ከቺካጎ ዩኒቨርስቲ የዶክተርነት ማዕረግ አገኘ።

ለመሆኑ ምን አየ? የባሕር ጃርት ዘመድ የሆነች አንዲት ጠፍጣፋ እንስሳ አለች። የእሷን እንቁላል በብዙ የወንድ ዘር መካከል ብታስቀምጡት የሚገባው አንዱ ብቻ ነው። ጀስት አንዱ ዘር እንቁላሉን እንደነካ ከዚያች ነጥብ ተነሥቶ በገጽታው ላይ እንደ ማዕበል የሚሄድ ፈጣን ለውጥ አስተዋለ። ለውጡ የደረሰበት ቦታ ሌላ ዘር አይቀበልም። ከዚያ በኋላ አንድ ቀጭን ሽፋን ከእንቁላሉ ላይ ተነሥቶ ይለያል። በ1912 ባሳተመው ጥናት ደግሞ በአንድ የባሕር ትል እንቁላል ላይ ዘሩ የገባበት ነጥብ እንቁላሉ መጀመሪያ ለሁለት የሚከፈልበትን አቅጣጫ እንደሚወስን አሳየ።

በዘመኑ ብዙ ሊቃውንት የሴል ሕይወት የሚመራው ከኑክሊየስ ብቻ እንደሆነ ያስቡ ነበር። ጀስት ግን የሴሉ ዳር ራሱ ሕያው እንደሆነ፣ ከውጭ የሚመጣውን እንደሚያውቅና እንደሚመልስ፣ ሴልም በሙሉነቱ መጠናት እንዳለበት ተከራከረ። ከ1970ዎቹ ወዲህ የተደረጉ የኤሌክትሪክ ልኬቶች በእንቁላል ገጽታ ላይ ፈጣን መከላከያ መኖሩን አረጋግጠዋል። ጀስት በጥንቃቄውም የታወቀ ነበር። ዕቃው ካልጸዳ፣ ውሃው ከሞቀ፣ እንቁላሉ ጤነኛ ካልሆነ፣ ተመራማሪው የሚያየው በሽታን እንጂ ተፈጥሮን አይደለም ብሎ ያስተምር ነበር።

ይህን ሁሉ ሠርቶም በአገሩ የሚገባውን ቦታ አላገኘም። በ1929 ወደ ኢጣልያ፣ ኔፕልስ ሄደ፤ በ1930 በርሊን ውስጥ በታዋቂው የካይዘር ቪልሄልም ተቋም እንዲሠራ ተጋበዘ። እዚያ በሙያው ተከበረ። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ጀርመንን ትቶ በፈረንሳይ ሥራውን ቀጠለ። በ1939 ስለ ሴል ገጽታ የጻፈው ትልቁ መጽሐፉ ታተመ። በ1940 የጀርመን ጦር ፈረንሳይን ሲይዝ ጀስት ተይዞ ወደ እስረኞች ካምፕ ገባ። በአሜሪካ መንግሥት ጥረት ተፈትቶ አገሩ ተመለሰ፤ ነገር ግን ጤናው ተጎድቶ ነበር። ኦክቶበር 27 ቀን 1941 በ58 ዓመቱ በካንሰር ሞተ። የአሜሪካ ፖስታ ቤት ምስሉን በቴምብር ላይ ያወጣው በ1996 ነው፤ ከሞተ 55 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ የተማረ ሰው በር ሁሉ ይከፈትለታል ብለን ልናታልላችሁ አንፈልግም። ለጀስት አልተከፈተለትም። የተከፈተውም በር ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተዘግቶበታል። ያወቀው ነገር ግን ከአገር አገር ሲሰደድ አብሮት ሄዷል፤ ፍተሻ ላይ የሚቀማ ዕቃ አልነበረም። ዛሬ የሴልን ምዕራፍ የምትማሩ ሁሉ ከእሱ ድካም ትካፈላላችሁ።

ወላጆችም የሜሪን ነገር አስቡ። ቀኑን በማዕድን ስትደክም የምትውል እናት ልጇን ወደ ውኃና ወደ ማገዶ ብቻ ብትልከው ኖሮ ማንም አይፈርድባትም ነበር። እሷ ግን ለትምህርቱ ጊዜ አገኘችለት። እናንተም ማታ ልጃችሁ ደብተሩን ሲገልጥ ግማሽ ሰዓት ብትተዉለት ትልቅ እርዳታ ነው።

ለክፍል ውይይት፦
1. ከአንድ በላይ የወንድ ዘር ወደ እንቁላል ቢገባ ምን ችግር ይፈጠራል ትላላችሁ?
2. የሴል ሽፋን ሁሉን ቢያስገባ፣ ወይም ምንም ባያስገባ፣ ሴሉ ምን ይሆናል?