ሃያ ዓመት ያልተቋረጠው ጋዜጣ፦ የሚስ ሲልቪያ ፓንክረስት ታሪክ

ከሐዋሳ ተነሥቶ በሀገረ ሰላም በኩል ወደ ደቡብ የሚጓዝ መንገደኛ ቦሬ ሲደርስ ብርድና ጉም ይቀበለዋል። ከቦሬ ወዲያ መንገዱ በክብረ መንግሥት አድርጎ ወደ ነጌሌ ቦረና ሲወርድ ደጋው ያልቅና ቆላው ይጀምራል፤ ነጌሌንም አልፎ እስከ ዶሎ የዘለቀ ሰው የገናሌን ወንዝ ያገኛል። በ1928 ዓ.ም. ልዑል ራስ ደስታ ዳምጠው ጦራቸውን አስከትተው ከግራዚያኒ ጋር የተዋጉት በዚሁ በታችኛው አገር ነው። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች በዶሎ አጠገብ መልካ ዲዳ ላይ ሰፍሮ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል በቦምብ ደበደቡት። የሆስፒታሉ አለቃ ዶክተር ሂላንደር ቆሰሉ፤ በድንኳን ተኝተው ይታከሙ ከነበሩት ቁስለኞች ብዙዎቹ እዚያው አለቁ። ጥቂት ሳምንት ቆይቶም በጥምቀት ሰሞን ነጌሌ በጠላት እጅ ገባች።

ይህን የመሰለው ወሬ አውሮፓ ሲደርስ ብዙው ሰው ጋዜጣውን አንብቦ አዝኖ አጥፎ አስቀመጠው። ለንደን አጠገብ በዉድፎርድ መንደር ይኖሩ የነበሩት የ53 ዓመት እንግሊዛዊት ግን አጥፎ ማስቀመጥ አልሆነላቸውም። ዛሬ ለአንባቢያን የምናቀርበው የእኚህን ሴት፥ የሚስ ሲልቪያ ፓንክረስትን ታሪክ ነው። አብዛኞቻችን የምናውቃቸው የኢትዮጵያ ወዳጅ በመሆናቸው ነው፤ ይሁን እንጂ ወዳጅነታቸው ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ከኢትዮጵያ በፊት የነበረውን ሕይወታቸውን ማየት ያስፈልጋል።

ሚስ ሲልቪያ የተወለዱት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሜይ 5 ቀን 1882 በማንቸስተር ከተማ ነው። አባታቸው ዶክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ለድኻ የሚሟገቱ የሕግ ሰው፥ እናታቸው ኤመሊን ፓንክረስት ደግሞ በኋላ ስማቸው ዓለምን ያዳረሰ የሴቶች መብት መሪ ነበሩ። አባታቸው በድንገት ሲሞቱ እናታቸው በውጭ አገር ስለ ነበሩ፥ በአልጋቸው አጠገብ የነበረችው የ16 ዓመቷ ሲልቪያ ነበረች። ልጅቱ የሥዕል ተሰጥዎ ነበራት፤ በነጻ ትምህርት ዕድል እስከ ለንደን የንጉሣዊ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ድረስ ተምራለች። እንደ ልቧ ቢሆን ኖሮ ሠዓሊ ሆና ትቀር ነበር። በየፋብሪካው እየዞሩ የሠራተኛ ሴቶችን መልክ የሣሉባቸው ሥዕሎች ዛሬም ሲታዩ፥ የተወችው ሙያ ቀላል እንዳልነበረ ይመሰክራሉ።

በ1896 ዓ.ም. በማንቸስተር በነዚሁ ቤተሰብ ቤት የሴቶች ማኅበራዊና ፖለቲካዊ ኅብረት ተመሠረተ። የማኅበሩ ጥያቄ አንድ ነበር፤ ሴት እንደ ወንድ ድምፅ ሰጥታ እንደራሴዋን ትምረጥ የሚል። ዛሬ ይህ ነገር ለማንም ግልጽ ይመስለናል፤ በዚያን ጊዜ ግን የታላቋ ብሪታንያ ሚኒስትሮች የሚሥቁበት ጉዳይ ነበር። ሴቶቹ በየአደባባዩ ሲጮኹ ፖሊስ ይደበድባቸው፥ ዳኛ ይፈርድባቸው ጀመር። ሚስ ሲልቪያ ሆሎዌይ በሚባለው የሴቶች እስር ቤት ደጋግመው ገቡ። በእስር ቤት ምግብ እንቢ ሲሉ ጠባቂዎች እጅና እግራቸውን ይዘው፥ አፋቸውን በብረት ፈልቅቀው፥ የጎማ ቧንቧ እስከ ጨጓራቸው አውርደው ምግብ ያፈሱባቸው ነበር። በ1905 ዓ.ም. መንግሥት ሌላ ሕግ አወጣ፤ ሕዝቡም የድመትና የአይጥ ሕግ ብሎ ጠራው። በረኃብ የደከመችውን እስረኛ ይለቋታል፤ ትንሽ ስታገግም ደግሞ መልሰው ይይዟታል። ሚስ ሲልቪያ በዚህ ሕግ በአንድ ዓመት ውስጥ ብዙ ጊዜ ታሰሩ፥ ተፈቱ። ረኃቡ አልበቃ ሲላቸው ውኃ መጠጣትም ተዉ፤ ቀጥሎም እንቅልፍ እምቢ ብለው በጠባቧ ክፍል ሌሊቱን በሙሉ እየተመላለሱ ያነጉ ነበር።

ይሁንና ከእናታቸውና ከታላቅ እኅታቸው ከክሪስታቤል ጋር ሳይስማሙ ቀሩ። እነዚያ ጭምት የሆኑትንና ገንዘብ ያላቸውን ወይዛዝርት ሲያቀርቡ፥ ሲልቪያ ግን ኢስት ኤንድ ወደሚባለው የለንደን ድኾች ሰፈር ወርደው ከልብስ ሰፊዎችና ከአጣቢዎች ጋር ማኅበር አቋቋሙ። በ1906 ዓ.ም. ከእናታቸው ማኅበር ተባረሩ። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር የመጀመሪያ ጋዜጣቸውን አወጡ፤ ስሙንም የሴቶች ድሬድኖት አሉት። ድሬድኖት የእንግሊዝ ታላቅ የጦር መርከብ ስም ሲሆን፥ ትርጉሙም ምንም የማይፈራ ማለት ነው።

በሰኔ 1906 ዓ.ም. ያደረጉትን ሳንናገር ማለፍ አንወድም። የኢስት ኤንድ ሴቶች ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሚስተር አስኲዝን ፊት ለፊት ማነጋገር ቢለምኑ እምቢ ተባሉ። ሚስ ሲልቪያ ያን ጊዜ ከእስር ቤት በረኃብ ተዳክመው ገና መውጣታቸው ነበር። በቃሬዛ ተሸክመው እንዲወስዷቸው አዘዙና በምክር ቤቱ ደጃፍ ላይ ተኙ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሴቶቹን ካልተቀበለ እዚያው እስኪሞቱ እንደማይነሡ አስታወቁ። ጠቅላይ ሚኒስትሩም ተቀበላቸው። ስድስት ሠራተኛ ሴቶች ገብተው ስለ ደመወዛቸው፥ ስለ ልጆቻቸውና ስለ ቤታቸው በገዛ አፋቸው ነገሩት። ከዚያ በፊት የእነሱን ጉዳይ ሌላ ሰው ነበር የሚናገርላቸው።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ እናታቸውና ክሪስታቤል ለጦርነቱ ቅስቀሳ ተነሡ፤ ሲልቪያ ግን ጦርነቱን ተቃወሙ። ባሎቻቸው ዘምተው ረኃብ ለያዛቸው ሴቶች በሁለት ፔኒ ምሳ የሚሸጥ ምግብ ቤት ከፈቱ፤ ሥራ ላጡት የአሻንጉሊት ፋብሪካ አቋቋሙ። የጠመንጃ ሠሪዎች ተብሎ ይጠራ የነበረ መጠጥ ቤት ተከራይተውም የሕፃናት መዋያና ሐኪም ቤት አደረጉት፤ ስሙንም የእናቶች እቅፍ ብለው ለወጡት። ከጦርነቱ በኋላ ሞስኮ ድረስ ሄደው ከሌኒን ጋር ተከራከሩ፤ በጋዜጣቸው ባወጡት ጽሑፍ በሁከት ተከሰው ስድስት ወር ታሰሩ፤ ብዙ ሳይቆዩም ከኮሚኒስት ፓርቲ ተባረሩ። ከማንም ማኅበር ጋር እስከ መጨረሻው መዝለቅ ያልቻሉ ሴት ነበሩ ቢባል ሐሰት አይደለም።

1920 ዓ.ም. ለእሳቸው ከባድ ዓመት ሆነ። ሲልቪዮ ኮሪዮ ከተባለ፥ አገሩን ጥሎ ከተሰደደ ኢጣልያዊ ማተሚያ ሠራተኛ ልጅ ወለዱ፤ ጋብቻ ግን አልፈጸሙም። ይህ ለዚያ ዘመን ታላቅ ነውር ስለ ነበረ እናታቸው ተቀየሟቸው፤ ሳይታረቁም በሰኔ ወር እናታቸው ሞቱ። በዚያው ወር የእንግሊዝ ምክር ቤት ሴት ሁሉ እንደ ወንድ በ21 ዓመቷ ድምፅ ትስጥ ብሎ አጸደቀ። እናትና ልጅ ለሃያ አምስት ዓመት የታገሉለት ነገር የተፈጸመው ኤመሊን በሞቱ በጥቂት ቀን ውስጥ ነው።

እንግዲህ ኢጣልያ ኢትዮጵያን ስትወር ሚስ ሲልቪያ አዲስ ሰው አልነበሩም። ከኮሪዮና ከጓደኞቹ የሙሶሊኒን ሥራ አስቀድመው ያውቁ ነበር። በዉድፎርድ መንገድ ዳር ከአየር ቦምብ መጣልን የሚያወግዝ፥ በቦምብ መልክ የተጠረበ የድንጋይ ሐውልት አቆሙ፤ ዛሬም እዚያው ቆሞ ይታያል። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ ሲገባ ዕለቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ሜይ 5 ነበር፤ የሚስ ሲልቪያ የልደት ቀን። በአራተኛው ቀን፥ ግንቦት 1 ቀን፥ የጋዜጣቸው የመጀመሪያ እትም ወጣ። የእንግሊዝኛ ስሙ ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ ሲሆን፥ ወደ አማርኛ ቢመለስ አዲስ ዘመንና የኢትዮጵያ ዜና ማለት ነው። ከነጻነት በኋላ በአዲስ አበባ አዲስ ዘመን የተባለ ጋዜጣ ከመውጣቱ አምስት ዓመት ቀድሞ መሆኑ ነው፤ ግጥምጥሞሹ እኛን ደስ ያሰኘናል።

ጋዜጣው ሀብታም አልነበረም። ጽሑፉን ሚስ ሲልቪያ በቤታቸው ሌሊት ይጽፋሉ፤ ኮሪዮ በብዕር ስም ይጽፋል፥ የፊደሉንም አሰላለፍ ይከታተላል። በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር የነበሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ይረዷቸው ነበር። በየሳምንቱ የአርበኞች ወሬ፥ የመርዝ ጋዝ ምስክርነት፥ የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ ይታተማል፤ በዚያው በየካቲት ወር ራስ ደስታ ተይዘው የተረሸኑበት ጊዜ ነው። ጋዜጣው በምዕራብ አፍሪካና በካሪቢያን ደሴቶች ሳይቀር ይነበብ ነበር። እውነቱን ለመናገር ከጅቡቲ በኩል ይመጡ ከነበሩት የድል ወሬዎች አንዳንዶቹ የተጋነኑ ነበሩ፤ ጋዜጣውን ዛሬ የሚያገላብጥ ሰው በጥንቃቄ ማንበብ አለበት። ነገር ግን በ1931 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት የኢጣልያን ወረራ ሕጋዊ ብሎ በተቀበለ ጊዜ፥ ኢትዮጵያ የምትባል አገር አለች፥ ጦርነቱም አላበቃም እያለ በየሳምንቱ የሚወጣ ጋዜጣ በለንደን መኖሩ ቀላል ነገር አልነበረም። የጀርመን ናዚዎችም እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ሊያስሯቸው ባዘጋጁት መዝገብ ላይ የሚስ ሲልቪያን ስም አስፍረው ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ ግንቦት 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ለንደን ሲደርሱ በባቡር ጣቢያ ከተቀበሏቸው አንዷ እሳቸው ነበሩ። ዘውድ የማይወዱ ሴት በመሆናቸው፥ የሚደግፏቸው ንጉሥ ስለሆኑ ሳይሆን የያዙት ጉዳይ እውነት ስለሆነ መሆኑን ለራሳቸው ለጃንሆይ እንደ ነገሯቸው ልጃቸው ጽፈዋል። ጃንሆይም አልተቀየሙም።

አገራችን ነጻ ከወጣች በኋላ ብዙ የውጭ ወዳጆች ሥራችን አለቀ ብለው ተመለሱ። ሚስ ሲልቪያ ግን ከራሳቸው መንግሥት ጋር ሌላ ጠብ ጀመሩ። በ1937 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያን ጎበኙ። የእንግሊዝ ጦር ኦጋዴንን ይዞ መቆየቱን፥ በኤርትራም የወደብና የፋብሪካ ዕቃ እየነቀለ መውሰዱን በጋዜጣቸው አጋለጡ። አብዛኛው ኦጋዴን በ1941 ዓ.ም.፥ የሐውድ ምድር ደግሞ በ1947 ዓ.ም. ተመለሰ። ይህን ያደረገው የሳቸው ጩኸት ብቻ ነው አንልም፤ የለንደን ሹማምንት ግን በጩኸታቸው እንደ ተማረሩ ይታወቃል። በለንደን ነርስነት ተምረው በ1934 ዓ.ም. በነቀምት በወጣትነታቸው ለሞቱት ልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል እንዲሠራም ገንዘብ ለማሰባሰብ ዓመታት ደከሙ፤ ሆስፒታሉም በአዲስ አበባ ተከፈተ። በእንግሊዝኛ የጻፉት የኢትዮጵያ የባህል ታሪክ ከ700 ገጽ በላይ ነው።

ኮሪዮ በ1946 ዓ.ም. ሞተ። በ1948 ዓ.ም. ጋዜጣው ሃያ ዓመቱን ሲሞላ ዘጉት፤ በዚያው ዓመት በ74 ዓመታቸው የዉድፎርድን ቤት ትተው ከልጃቸው ከሪቻርድ ጋር አዲስ አበባ ገቡ። በዚያ ዕድሜ ሰው ጧሪ ይፈልጋል፤ እሳቸው ግን ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር የተባለ ወርኃዊ መጽሔት አቋቋሙ። ስለ ትምህርት ቤት፥ ስለ ሐኪም ቤት፥ ስለ ታሪክ ይጽፉበት ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት ካወጧቸው እትሞች አንዱን ለኢትዮጵያ ሴቶች ሰጡት። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሴቶች ድምፅ ሰጥቶ፥ እ.ኤ.አ. በ1957 በተደረገው ምርጫ በጠላት ዘመን በአዚናራ ታስረው የነበሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ለፓርላማ ሲመረጡ ሚስ ሲልቪያ አዲስ አበባ ነበሩ። ለዚህ ነገር በወጣትነታቸው ቧንቧ የዋጡ ሴት ያን ቀን ምን እንዳሰቡ መገመት እንወዳለን።

ይሁን እንጂ ታሪካቸውን የጻፉ ሰዎች አንድ ወቀሳ ያነሡባቸዋል። በአገራቸው ለድኻው ሲሉ ከመንግሥት ጋር ሲጣሉ የኖሩ ሴት፥ በኢትዮጵያ መንግሥት ላይ ግን እምብዛም ቃል አልተናገሩም። በደቡብ የገባርን ሸክም በቤቱ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ወቀሳ ቢጋራ አንፈርድበትም። ምናልባት አገሪቱ ከጠላት አፍ ገና በመውጣቷ ነቀፌታው ለሌሎች መሣሪያ እንዳይሆን ሠግተው ይሆናል፤ ምናልባትም ወዳጅነት ዓይናቸውን ሸፍኖት ይሆናል። እኛ ሁለቱም ይመስለናል።

መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፥ በመስቀል ዕለት፥ በ78 ዓመታቸው በአዲስ አበባ አረፉ። በሕይወታቸው ሃይማኖት ያልነበራቸው ሴት ነበሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ወለተ ክርስቶስ የሚል ስም ሰጥታ ጸሎት አደረገችላቸው። ቀብራቸው በመንግሥት ሥርዓት፥ ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት፥ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ደጃፍ በአርበኞች መካነ መቃብር ተፈጸመ። መጽሔቱን ልጃቸው ሪቻርድና ምራታቸው ሪታ እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ አዘጋጁት። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ካቋቋሙት ሰዎች ዋናው የሆኑት፥ የአክሱም ሐውልት እንዲመለስም ብዙ የደከሙት ፕሮፌሰር ሪቻርድ በ2009 ዓ.ም. ሲሞቱ፥ እሳቸውም በዚያው በሥላሴ ተቀበሩ።