አቶ ይድነቃቸው ተሰማና የእኩልነት ሜዳ

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በጅማ ከተማ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በቅኔና በዜማ የታወቁ፣ ጀርመን አገር ሄደውም ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ነበሩ። የአባትየው ስም በዜማ ሲጠራ የልጅየው ደግሞ በእግር ኳስ ተጠራ። እኛ ተማሪዎች ጎል ያገባውን ሰው ስም ቶሎ እንይዛለን፤ ሜዳው ለሁሉም እንዲከፈት የደከመውን ግን እምብዛም አናስታውስም። የእኒህን ሰው ታሪክ ለመጽሔታችን የመረጥሁት ስለዚህ ነው።

በ1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የተባሉ ወጣቶች ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው በአራዳ የቅዱስ ጊዮርጊስን ቡድን መሠረቱ። ይድነቃቸው በዚያን ጊዜ የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ወደ ቡድኑ ገብተው 23 ዓመት ያህል ተጫወቱለት።

ነገር ግን በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመረዳት እኛ የመርካቶ ልጆች ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ታላቅ ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውሮ ለአገሬው ሰው የመደበው፣ ነጩንና ጥቁሩን በየሠፈሩ ለመለየት ያቀደው ያው የጠላት መንግሥት ነው። መርካቶ የሚለው ስም ራሱ ከጣሊያንኛ የቀረ ነው። ገበያው እንደ ተለየ ኳሱም ተለየ። ኢትዮጵያዊ ከጣሊያን ጋር እንዳይጫወት ተከለከለ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስም ስሙ ተለውጦ ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር ተባለ። ይድነቃቸው የወጣትነት ዘመናቸውን ያሳለፉት በእንዲህ ያለ ሜዳ ነው።

ጠላት ከተባረረ በኋላ በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻምፒዮና ተደረገ። የተወዳደሩት 5 ቡድኖች ነበሩ፤ እነርሱም ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሊምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ናቸው። ያሸነፉት እንግሊዞች ናቸው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ሻምፒዮን ለመሆን እስከ 1942 ዓ.ም. መቆየት አስፈለገው። ይሁን እንጂ ትናንት ከነጭ ጋር አትጫወትም የተባለ ልጅ በ1936 ከሁሉም ጋር እኩል መሰለፉ ከዋንጫ የሚያንስ ድል አልነበረም።

የካቲት 1949 ዓ.ም. ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ በካርቱም ተሰብስበው የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን አቋቋሙ። አቶ ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላመጣም ስላለች ከመጀመሪያው ውድድር ተሰናበተች። ከእርስዋ ጋር ልትጋጠም የነበረችው ኢትዮጵያም ሳትጫወት ለፍጻሜ ደረሰች፤ በፍጻሜው ግን በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች።

የዚያ ሽንፈት ካሣ በ1954 ዓ.ም. ተገኘ። ውድድሩ በአዲስ አበባ ሲደረግ የብሔራዊ ቡድናችን አሠልጣኝ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ጥር 6 ቀን ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፍን። ጥር 13 ቀን በፍጻሜው፣ ያን ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፤ ሁለቱንም ጊዜ አቻ ሆንን። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አግብተው ጨዋታው 4 ለ 2 አለቀ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነው። ሉቻኖና ወንድሙ ኢታሎ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለዱ ናቸው። ወራሪው ዘርን ከዘር በለየበት ከተማ፣ ከሁለቱም ወገን የተወለደ ልጅ የኢትዮጵያን ዋንጫ ከፍ አድርጎ ያዘ። እኔ ከጎሎቹ ሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ ይህ ነው።

አቶ ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው አገለገሉ። ዘርን የሚለይ አገር ከዓለም ሜዳ እንዲወጣ ከሌሎች አፍሪካውያን ጋር ያለመታከት ተከራከሩ፤ በ1968 ዓ.ም. በሞንትሪያል በተደረገው ጉባኤም ፊፋ ደቡብ አፍሪካን አስወጣ። የአፍሪካ ድርሻ በዓለም ዋንጫ ከ1 ቡድን ወደ 2 ያደገውም በእርሳቸው ዘመን ነው፤ በ1974 ዓ.ም. አልጄሪያና ካሜሩን አብረው ወደ ስፔን ሄዱ።

ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. አረፉ። የድካማቸውን ፍሬ በሙሉ አላዩም። አፓርታይድ ወድቆ፣ በ1988 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር በተቀላቀለበት ቡድን የአፍሪካን ዋንጫ በአገርዋ ስትወስድ እርሳቸው በሕይወት አልነበሩም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ! በመርካቶ ከየማዕዘኑ የመጣ ሰው ጎን ለጎን ይነግዳል፤ እኛም ልጆቹ በአንድ ክፍል እንማራለን። በትምህርት ቤታችን ሜዳ ቡድን ስንመርጥ ግን አንዳንድ ጊዜ ከችሎታ በፊት የትውልድ ቦታ ሲጠየቅ እንሰማለን። የአቶ ይድነቃቸውን ታሪክ ያነበበ ተማሪ ይህን ጥያቄ ከሜዳው ያስወጣ። የሚጠየቀው ኳሱን ማን አሳምሮ ይጫወታል የሚለው ብቻ ይሁን።